ዝም ያለ ውሻ ገና አልተረጋጋም

ከመጠለያ የሚወጡ ውሾችን ቋሚ አሳዳጊ እስኪያገኙ ድረስ ቤቴ አቆያለሁ። ቀበጥ ቡችሎች መጥተዋል፣ ያረጁ ውሾች መጥተዋል፣ ሰው ባዩ ቁጥር ግድግዳው ቢውጣቸው የሚመርጡም መጥተዋል። ይህን እንደምሠራ የሰማ ሰው ሁሉ «እንዴት አስችሎሽ ትሰጫቸዋለሽ?» ይለኛል። ጥያቄው ክፋት የለውም። ግን መለያየቱ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው፣ ከዚያ በፊት ብዙ ሌሊት አለ። ጀማሪ ሰው የሚያስፈልገው «ዛሬ ማታ ምን ላድርግ?» ለሚለው መልስ ነው። እኔም የምጽፈው ስለዚያ ነው።

ውሻ የወሰዱ ሰዎች በማግስቱ ደውለው የሚነግሩኝ ነገር ይመሳሰላል። «በጣም ጨዋ ነው! አይጮህ፣ አይረብሽ። ጥግ ይዞ ተኝቶ ነው የዋለው።» ደስ ብሏቸው ነው የሚያወሩት። እኔ ግን ያን ስሰማ ሰጋ እላለሁ። ውሻ በበላበት ይጮኻል ይባል የለ? እውነት ነው፤ ግን የበላበትን ቤት «የኔ ነው» እስኪል ጊዜ ይፈልጋል። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ዝምታ ብዙ ጊዜ ፍርሃት ነው። የት እንዳለ አያውቅም። እናንተ ማን እንደሆናችሁ አያውቅም። ቀጥሎ ምን እንደሚመጣበትም አያውቅም። ስለዚህ ድርቅ ብሎ ይጠብቃል።

ዳማን ላንሳ። ቡናማ፣ መካከለኛ ቁመት ያላት ሴት ውሻ ነበረች። እንደገባች ቀጥታ ጠረጴዛ ሥር ሄደች። ከሩቅ ለሚያያት የተኛች ትመስላለች። ጠጋ ብሎ ላያት ግን እንቅልፍ የሚባል ነገር የለም። አገጯ ወለሉ ላይ ተለጥፏል፣ አራቱ እግሮቿ ግን ከሥሯ ተሰብስበው ለመነሳት ዝግጁ ናቸው። ጆሮዎቿ ወደ ኋላ ተጣብቀዋል። ጭንቅላቷን ሳታንቀሳቅስ በዓይኗ ብቻ ትከተለኛለች፣ የዓይኗ ነጭ በጎን በኩል እንደ አዲስ ጨረቃ ቀጭን ሆኖ ይታያል። እጄን ወደ እሷ ዘርጋ ሳደርግ አፍንጫዋን ላስ አደረገችና አዛጋች።

ውሻ እንቅልፍ ሳይመጣው ካዛጋ፣ ምግብ ሳይኖር ከንፈሩን ከላሰ፣ ፊቱን ካዞረ «እባካችሁ ተዉኝ» ማለቱ ነው። እጄን መለስኩ።

ያስቀመጥኩላትን ሥጋ ቀን አልነካችም። ማታ ሰው ሁሉ ከተኛ በኋላ በላች። ጠዋት ሳህኑ ባዶ ነው፣ እሷ ያው ጠረጴዛ ሥር ናት። ይህ ጥሩ ምልክት ነው። ሰው ሳያያት ተነስታለች፣ ምናልባትም ክፍሉን ዞራ አሽትታለች።

በእንዲህ ያለ ጊዜ የማደርገው ነገር ለሚያየኝ ስንፍና ይመስላል። ወለል ላይ እቀመጣለሁ። ጎኔን ወይም ጀርባዬን እሰጣታለሁ። መጽሐፍ አነባለሁ፣ አንዳንዴ ድምፄን እንድትለምደው ጮክ ሳልል ለራሴ አነበንባለሁ። አልጠራትም። ዓይን ዓይኗን አላይም። በየመሃሉ ትንሽ ቁራሽ ሥጋ ሳላያት ወደ እሷ እወረውራለሁ፣ ከእኔ ራቅ ብሎ እንዲወድቅ አድርጌ።

ከእጄ እንድትበላ አላባብልም። ይህን ብዙ ሰው አይስማማበትም፣ ምክንያቴ ግን ይኸው። የራበው ውሻ ሥጋውን ፈልጎ ከሚፈራው ሰው አጠገብ ይመጣል። ሥጋውን እንደዋጠ ግን ድንገት ይነቃል፤ ከሚፈራው ሰው ጋር አፍንጫ ለአፍንጫ ተፋጧል። ደንብሮ የሚሸሸውም፣ አልፎ አልፎ የሚናከሰውም ያን ጊዜ ነው። ምግቡ ራቅ ብሎ ሲወድቅ ግን እየበላ እፎይ ይላል። ርቀቱን የሚመርጠው እሱ ነው።

ዳማ ወደ እኔ የመጣችው መጽሐፌ ላይ ተመስጬ ሳለሁ ነው። ክርኔን አሸተተችና ተመለሰች። አልነካኋትም። በሌላ ቀን ደግሞ መጥታ ጭኔን ተደግፋ ተቀመጠች። ያኔ ደረቷን ዳበስ ዳበስ አድርጌ እጄን አነሳሁ። ይህ ልማድ ከሁሉም ውሾቼ ጋር አለኝ። ሁለት ሦስት ሴኮንድ እዳብሳለሁ፣ አቆማለሁ፣ አያለሁ። ከተጠጋ ወይም በአፍንጫው እጄን ከገፋ እቀጥላለሁ። ባለበት ከቀረ በቃው። እጅን ከጭንቅላቱ በላይ አሳልፎ አናቱን መዳበስ ለብዙ ውሾች ማስፈራሪያ ነው። ደረት ወይም የአንገት ጎን ይሻላል።

በዚህ ሥራ ያሉ ሰዎች ሦስት ቀን፣ ሦስት ሳምንት፣ ሦስት ወር የሚል መለኪያ አላቸው። ድንጋጤው እስኪለቅ 3 ቀን፣ የቤቱን ሥርዓት እስኪለምድ 3 ሳምንት፣ ቤቴ ነው እስኪል 3 ወር ማለት ነው። በግምት የተቀመጠ እንጂ ሕግ አይደለም። በሁለተኛው ቀን አልጋ ላይ የወጣ ውሻ አይቻለሁ፣ ወራት የፈጀበትም አይቻለሁ። ለእኔ ትልቁ ጥቅሙ ሰውን ለመሃሉ ማዘጋጀቱ ነው። ጨዋ የተባለው ውሻ ከጥቂት ሳምንት በኋላ በር ሲንኳኳ መጮህ፣ ጫማ መቦጨቅ፣ ሳህኑን ሰው እንዳይነካበት መጠበቅ ይጀምራል። ባለቤቶቹ ደንግጠው «ተበላሸብን» ይላሉ። አልተበላሸም። ገና አሁን መጣላችሁ።

አሁን ወደ ዝግጅቱ ልለፍ። ውሻው ከመምጣቱ በፊት አንድ ክፍል አሰናዱለት፣ ሙሉውን ቤት አይደለም። ሰፊ ቦታ ለእኛ ምቾት ነው፤ ለፈራ ውሻ ግን ሊጠብቀው የሚገባ ብዙ በርና ብዙ ጥግ ነው። ሰው የማይመላለስበት ክፍል ምረጡ። አንድ ጥግ ላይ አሮጌ ብርድ ልብስ፣ ራቅ ብሎ ውሃ። መደበቂያም ይኑረው። ኬጅ (የውሻ ማደሪያ ሳጥን) ካላችሁ በሩን ክፍት አድርጋችሁ በላዩ ጨርቅ ጣሉበት፣ ከሌላችሁ ጠረጴዛ አንሶላ ማልበስ ይበቃል። ከተደበቀበት ጎትታችሁ አታውጡት። መደበቂያው ድረስ ተከትለው ከያዙት የሚቀረው መከላከያ ጥርሱ ብቻ ነው።

አፉ የሚደርስበትን ሁሉ አንሱ። ቸኮሌት፣ ወይን፣ ዘቢብ፣ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ለውሻ መርዝ ናቸው። ስኳር አልባ ማስቲካ ውስጥ የሚገባው ዛይሊቶል ደግሞ በትንሹም አደገኛ ነው። አሞታል ብላችሁ የራሳችሁን ማስታገሻ አትስጡት። አይቡፕሮፌንም ሆነ ፓራሲታሞል ውሻ ሊገድል ይችላል።

ቤት ውስጥ ሌላ ውሻ ካላችሁ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ለዩዋቸው። ይህን የምለው በተለይ ፓርቮ ለሚባለው ቫይረስ ነው። ክትባቱን ያልጨረሱ ቡችሎችን በትውከትና ደም በቀላቀለ ተቅማጥ በቀናት ውስጥ ይጨርሳል። ብዙ ጊዜ ምልክቱ ከተጋለጡ ከ3 እስከ 7 ቀን ባለው ጊዜ ይመጣል፣ እስከ 14 ቀንም ሊቆይ ይችላል። ቫይረሱ ወለል ላይና አፈር ውስጥ ለወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ይኖራል። ተራ ሳሙና አይበግረውም። መጀመሪያ ቆሻሻውን አጥባችሁ፣ ከዚያ አንድ እጅ በረኪና በ30 እጅ ውሃ በጥብጣችሁ 10 ደቂቃ ያህል እላዩ ላይ ማቆየት ነው። ጫማችሁንም አትርሱ። ቡችሎች ክትባት የሚጀምሩት ከ6 እስከ 8 ሳምንት ዕድሜ ላይ ነው፤ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ባለው ልዩነት እየተደገመ ቢያንስ እስከ 16 ሳምንት ይዘልቃል። አንዴ መወጋቱ ብቻውን መተማመኛ አይሆንም።

መጠለያውን ስለ ክትባቱ፣ ስለ ትል መድኃኒቱ፣ ስለሚበላው ምግብ፣ ከሕፃንና ከድመት ጋር ኖሮ ያውቅ እንደሆነ ጠይቁ። የብዙው መልስ «አይታወቅም» ነው። ምንም አይደለም፣ ያንኑ ጻፉት።

አሁን ወደ በሩ። ስለ ውሻ ማላመድ አንድ ነገር ብቻ ተናገሪ ብባል ስለ በር ነበር የማወራው። አዲስ የገባ ውሻ ለመጥፋት የቀረበ ውሻ ነው። ስሙን አያውቅም፣ ሰፈሩን አያውቅም፣ ወደ እናንተ የሚመለስበት ምክንያት ገና የለውም። ከመኪና ሲወርድ፣ በር ሲከፈት፣ እንግዳ ሲገባ፣ እነዚህ ናቸው የሚያመልጥባቸው ቅጽበቶች። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ውሻዬን ያለ ሁለት ማሰሪያ አላወጣም፤ አንዱ የአንገት፣ አንዱ የደረት። ሁለቱም ላይ ገመድ አለ፣ ወይም አንዱን ገመድ ከሁለቱም አያይዛለሁ። የፈራ ውሻ ወደ ኋላ ሲያፈገፍግ የአንገት ማሰሪያ በጆሮው በኩል ሹልክ ብሎ ይወልቃል። ማሰሪያውና አንገቱ መካከል ሁለት ጣት ብቻ ይግባ፣ ከዚያ የሚሰፋ አይሁን። ስልክ ቁጥራችሁ ያለበት መለያ ከመጀመሪያዋ ደቂቃ ጀምሮ አንገቱ ላይ ይኑር። ማይክሮቺፕ (ከቆዳ ሥር የሚቀበር ትንሽ መለያ) ካለው ቺፑ የተመዘገበው በማን ስልክ እንደሆነ አጣሩ። ያልታደሰ ምዝገባ ምንም አይረዳችሁም።

የመኪናውን በር ከመክፈታችሁ በፊት ገመዱን ያዙ። የውጩ በር ሳይዘጋ የውስጡ አይከፈት። ለቤተሰቡ ሁሉ ንገሩ፣ በተለይ ለልጆች።

አንድ ጊዜ ከእኔ ውሻ የወሰደ ቤተሰብ በድንጋጤ ደወለልኝ። ዕቃ ያመጣ ሰው በሩን ሲከፍት ውሻው ሾልኮ ወጥቷል። ስደርስ ሰፈሩ ሁሉ ይሯሯጣል፣ ስሙን ይጣራል፣ ሕፃናት በየጢሻው እየገቡ ይጮኻሉ። የመጀመሪያ ሥራዬ ሰዉን ማስቆም ነበር። የፈራ ውሻ እያሳደዱ የሚጠሩትን ሰዎች የሚያየው እንደ አዳኝ ነው፤ የሚወደው ሰው ድምፅ እንኳን ሊያስሮጠው ይችላል። መጨረሻ የታየበት ቦታ ላይ ያልታጠበውን ብርድ ልብሱንና ምግቡን አስቀመጥን። የቤቱ እመቤት ብቻቸውን እዚያው መሬት ላይ ተቀመጡ፤ ጎናቸውን አዙረው፣ ሳይጠሩት፣ ከከረጢት ምግብ እያንኮሻኮሹ። ሲመሻሽና ግርግሩ ሲቀንስ ከአጥር ሥር ወጣ። ሩቅ አልሄደም ነበር። ዘለው ያዙት? የለም። እየበላ እስኪጠጋ ጠበቁ፣ ገመዱን ያሰሩት ራሱ ሲደገፋቸው ነው። ያን ያህል ሆደ ሰፊ የሆነ ሰው ጥቂት ነው።

ስለ ምግብ ብዙ አልልም። ከመጠለያ ይበላ የነበረውን ያንኑ ስጡት፣ ለመቀየር ከፈለጋችሁ በሳምንት ውስጥ ቀስ እያላችሁ ቀላቅሉ። በጣም ከስቶ የመጣ ውሻ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ሰው አንጀቱ ይበላና ሳህን ሞልቶ ያቀርብለታል። ለረጅም ጊዜ የተራበ አካል ድንገት ብዙ ምግብ ሲያገኝ የደሙ ማዕድናት ይዛባሉ፣ ሕይወቱንም ሊያሳጣው ይችላል። የእንስሳት ሐኪም በሚያዘው መጠን፣ በትንሽ በትንሹ፣ በቀን ደጋግሞ ማብላት ነው። ጤነኛ አዋቂ ውሻ በድንጋጤ አንድ ቀን ባይበላ አይገርምም። ቡችላ ካልበላና ካስታወከ ግን ለነገ አይባልም፣ በዕለቱ ሐኪም ዘንድ። ትኩሳቱን ከለካችሁ ደግሞ አትደንግጡ፤ የውሻ ጤናማ ሙቀት ከ38.3 እስከ 39.2 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው።

ገላውን ለማጠብም አትቸኩሉ። ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያስበው ሳሙና ነው። ቁንጫና መዥገር ካለበት ሐኪሙ መድኃኒት ይሰጣችኋል፣ ሽታው ግን ጥቂት ቀን ቢቆይ ማንንም አይገድልም። ከማያውቀው ሰው ጋር መታጠቢያ ቤት ተዘግቶበት ውሃ የፈሰሰበት ውሻ እናንተን በምን ሊያስታውሳችሁ ነው?

ሽንትን በተመለከተ ከእንቅልፉ ሲነሳ፣ ከበላ በኋላ፣ ከተጫወተ በኋላ አውጡት፤ ውጭ ሲሸና እዚያው ቆማችሁ አመስግኑት፣ የሚጣፍጥ ነገር ስጡት። ቤት ውስጥ ከሸና ዝም ብላችሁ አጽዱ። አፍንጫውን እዚያ ላይ ማሸት የሚያስተምረው ሰው ፊት አለመሽናትን ነው፤ ከዚያ በኋላ ውጭም አብራችሁት ቆማችሁ እሺ አይላችሁም፣ ሶፋ ጀርባ ሄዶ ይሸናል። አሞኒያ ያለው ማጽጃ ለእሱ ሽንት ሽንት ስለሚሸት ተዉት፣ የሽንቱን ሽታ የሚያጠፋ ኤንዛይም ያለው ይሻላል።

የመጀመሪያዋን ሌሊት ሊያላዝን ይችላል። እኔ አጠገቡ ፍራሽ አንጥፌ እተኛለሁ። «ከለመደ አይተውሽም» የሚሉኝ አሉ። ፍርሃት ግን በማጽናናት አይባባስም። አብሮት ሰው መኖሩን ሲያውቅ ይተኛል፣ የተኛ ውሻ ደግሞ በማግስቱ ሌላ ነገር ለመማር አቅም አለው። በየሌሊቱ ፍራሼን ወደ በሩ ሳብ አደርጋለሁ። በስተመጨረሻ አልጋዬ ላይ ነኝ፣ እሱም ሳያስተውል ለምዷል።

አሁን ስለ ማጉረምረም። ይህን በደንብ አንብቡልኝ።

ጃክ የሚባል ትልቅ ጥቁር ውሻ ነበረኝ። ሲበላ ሰው በአጠገቡ ካለፈ ማኘኩን ያቆማል። አፉ ሳህኑ ውስጥ እንዳለ ድርቅ ይላል፣ ዓይኑ ብቻ ወደ ጎን ይዞራል። አንድ እርምጃ ከተጠጋችሁ ከደረቱ የሚወጣ ዝቅ ያለ ድምፅ ትሰማላችሁ። ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ ሳህኑን ነጥቆ «አለቃው ማን እንደሆነ» ሊያሳየው ይፈልጋል። ሐሳቡ የመጣው ከተኩላ ጥናት ነው። ሩዶልፍ ሼንክል የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1947 ያወጣው ጥናት በአጥር ግቢ ተይዘው የነበሩ ተኩላዎችን ፉክክር የሚገልጽ ነበር። የአለቃነትን አባባል በሰፊው ካስተዋወቁት አንዱ የሆነው ዴቪድ ሜክ ግን እ.ኤ.አ. በ1999 ሐሳቡን አርሟል፤ በዱር ያለ መንጋ ብዙውን ጊዜ እናትና አባት ከልጆቻቸው ጋር የሚኖሩበት ቤተሰብ ነው ብሏል። የተኩላውስ ይቅር፣ ጃክ ሥልጣን አልፈለገም። ሳህኑ ተወስዶበት ያውቃል፣ አሁንም እንዳይወሰድበት ፈራ። ብነጥቀው ፍርሃቱ ልክ እንደነበረ አረጋገጥኩለት ማለት ነው።

ስለዚህ የሠራነው ተቃራኒውን ነው። እሱ ሲበላ ማኘኩን በማያቆምበት ርቀት አልፋለሁ። ሳልፍ ሳህኑ ውስጥ ካለው የሚጣፍጥ ቁራሽ ሥጋ ወርውሬለት መንገዴን እቀጥላለሁ። አልቆምም፣ አላወራውም። ቀን በቀን መንገዴን ትንሽ ጠበብ አድርጌ። ሰውነቱ ከደረቀ ርቀቱን መልሼ እጨምራለሁ። ቆይቶ የእግሬን ኮቴ ሲሰማ ራሱ ከሳህኑ ቀና ብሎ ጭራውን እየቆላ ያየኝ ጀመር። አፉ የያዘውን ነገር ማስጣል ስፈልግም በልዋጭ ነው። ጫማ ይለቃል፣ ሥጋ ይቀበላል። ሁለታችንም ተጠቅመናል።

ያጉረመረመ ውሻ አትቅጡ። ማጉረምረም ማስጠንቀቂያ ነው፣ ማስጠንቀቂያ ደግሞ ውለታ ነው። የተቀጣ ውሻ ፍርሃቱ አይለቀውም፣ ድምፁን ብቻ ይውጣል። ከዚያ ሰዉ «ምንም ሳይል ነከሰኝ» ይላል። ከሕፃናት ጋር ደግሞ ለደቂቃም ብቻቸውን አትተዉት። ልጅ ያቅፋል፣ ፊቱን ከውሻ ፊት ጋር ያጋጥማል፣ የሚበላ ውሻ ላይ ይወድቃል። የትኛውም ውሻ ይህን ሁሉ የመቻል ዕዳ የለበትም።

ከነከሰ ወይም በጥርሱ ከቧጨረ ቁስሉን ወዲያውኑ በውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ ያህል እጠቡና ወደ ጤና ተቋም ሂዱ። ትንሽ ነው ብላችሁ አትተዉት። በዓለም ላይ በሰው ላይ የሚደርሰው የእብድ ውሻ በሽታ እስከ 99 በመቶ ድረስ የሚመጣው ከውሻ ነው፣ ምልክቱ ከጀመረ በኋላ የሚተርፍ የለም ማለት ይቻላል። በጊዜው የተጀመረ ክትባት ግን ያድናል። የነከሰው ውሻ ጤነኛ ቢመስልም ለ10 ቀን በክትትል ይቆያል። ታሪካቸው የማይታወቅ ውሾችን ደጋግማችሁ የምትቀበሉ ከሆነ አስቀድማችሁ ስለ መከተብ ሐኪም አማክሩ።

ብቻውን መቅረትንም ማስተማር ያስፈልጋል፤ ይህን አስቀድማችሁ ካልጀመራችሁት የሚከፍለው ቀጣዩ አሳዳጊ ነው። ከክፍሉ ወጥታችሁ ወዲያው ተመለሱ። ጫማ አድርጋችሁ ቁጭ በሉ። ቁልፍ አንሱና አስቀምጡ። ከዚያ የውጩን በር ዘግታችሁ ትንሽ ቆዩ። ሲጨነቅ ሳይሆን ሳይጨነቅ ተመለሱ። ስልካችሁን ቪዲዮ ላይ አድርጋችሁ ክፍሉ ውስጥ ተዉት። ብቻውን መሆን የሚያስጨንቀው ውሻ ብዙ ጊዜ በመጀመሪያዎቹ 30 ደቂቃዎች ውስጥ ይታወቃል። ያለከልካል፣ ይንጎራደዳል፣ ምራቁ ይዝረበረባል፣ በር ይቧጥጣል። ይህን ካያችሁ ማሠልጠኑን ወደ ሴኮንዶች መልሱ፣ ከበረታም የእንስሳት ሐኪም ይየው።

ከቤት ውሻችሁ ጋር ስታስተዋውቁ ሳሎን ውስጥ አታፋጧቸው። ሁለቱም የማይኖሩበት ቦታ ላይ፣ ሁለት ሰው ሁለት ገመድ ይዞ፣ ጎን ለጎን ርቀት ጠብቆ ይራመድ። መተያየት ሲሰለቻቸው ይቀራረባሉ። ሳህን፣ መጫወቻና መኝታ ለየብቻ። ድመት ካለ ደግሞ ውሻው በገመድ፣ ድመቷ የምትዘልበት ከፍታ ላይ።

ቡችላ ያመጡ ሰዎች እንዲቸኩሉ የምመክርበት አንድ ነገር አለ። ከ3 ሳምንት እስከ 12 ወይም 14 ሳምንት ባለው ዕድሜ ያዩትና የሰሙት ነገር ዕድሜ ልካቸውን የተለመደ ሆኖ ይቀራል። ክትባታቸው እስኪያልቅ ሌሎች ውሾች የሚመላለሱበት መሬት ላይ አታውርዷቸው፣ ግን አቅፋችሁ አውጧቸው። ዣንጥላ፣ ሞተር ሳይክል፣ ባርኔጣ ያደረገ ሰው፣ የዝናብ ድምፅ፣ ሁሉንም ከእቅፋችሁ ሆነው ይዩ።

ከዚያ አንድ ቀን ስልክ ይደወላል፣ አሳዳጊ ተገኝቷል።

ለአሳዳጊው የማስረክበው ከውሻው ጋር አንድ ወረቀት ነው። ምን ይበላል፣ ስንት ሰዓት፤ ሲፈራ ምን ያደርጋል፤ የት መነካት አይወድም፤ ብቻውን ምን ያህል ይቆያል፤ ክትባቱ፤ የሚያውቃቸው ቃላት። ጉድለቱን አልደብቅም። «ሳህኑ ላይ አትቅረቡ» ብዬ የጻፍኩት ውሻ ከነጠባዩ የሚፈልገውን ሰው ያገኛል። ተደብቆለት የሄደ ግን ይመለሳል። ሲሄድ ሳይታጠብ የቆየውን ብርድ ልብሱን አብሬ እሰጣለሁ፣ ሽታው የሚያውቀው ነገር እሱ ብቻ ነውና።

ዳማን የወሰዷት አንድ ጡረተኛ ሽማግሌ ናቸው። በማግስቱ ደወሉ፣ ድምፃቸው ቅር ብሏቸዋል።

«ልጄ፣ ይቺ ልጅ አልወደደችኝም መሰለኝ። ብጠራት ብጠራት አልጋ ሥር ገብታ ቀረች።»

«ጋሼ፣ አይጥሯት። ጋዜጣዎን ይዘው እዚያው ክፍል ይቀመጡ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ያንብቡ።»

«ይሄም ሥልጠና ሆኖ!» ብለው ሳቁ። ግን አደረጉት። ከሳምንታት በኋላ እንደገና ሲደውሉ እየጮኹ ነበር፤ «ጫማዬን! አዲሱን ጫማዬን ይዛብኝ ሮጠች! ደግሞ ፖስተኛው ላይ ጮኸች!» እንዲያ ደስ ብሎት ስለ ተበላ ጫማ ያወራ ሰው አላየሁም።

እንዴት አስችሎሽ ለሚሉኝ፣ ይከብደኛል፣ ብዙ ጊዜ አልቅሼ ነው የምሸኘው። ግን ቤቴ በአንድ ጊዜ የሚችለው አንድ ውሻ ነው። ያ ቦታ ካልተለቀቀ የሚቀጥለው ከመጠለያ አይወጣም። ለጊዜው ብለው ወስደው የሚያስቀሩም አሉ፣ አልፈርድባቸውም። አስበው ከወሰኑ እሰየው። በሐዘኔታ ብቻ ከሆነ ግን ሁለት ወር ቆይተው ቢያስቡበት ይሻላል።

ልትጀምሩ ያሰባችሁ ካላችሁ ከቡችላ ይልቅ አዋቂ ውሻ ጠይቁ። ቡችላ ሌሊት ሌሊት የሚያስነሳ ሥራ ነው፣ የአዋቂው ጠባይ ደግሞ ገና ስትቀበሉት በከፊል ይታያል። ከመፈራረማችሁ በፊት መጠለያውን ሦስት ነገር ጠይቁ። የሕክምና ወጪውን የሚሸፍነው ማን ነው? በእኩለ ሌሊት ቢያመው የምደውለው ለማን ነው? ከአቅሜ በላይ ከሆነ በስንት ቀን ትወስዱታላችሁ? ለሦስቱም ቁርጥ ያለ መልስ የማይሰጥ መጠለያ ከሆነ ሌላ ፈልጉ። መልሱንም በቃል አትቀበሉ፣ በጽሑፍ ያድርጉላችሁ።